ከመድረኩ ማዕዘን፦ የጃክ ብላክበርን ሕይወትና የአሠልጣኝ ድርሻ

አንድ ቡጢኛ አሸንፎ እጁ ወደ ላይ ሲነሣ ሕዝቡ የሚያየው እርሱን ብቻ ነው። ተዘርሮ ሲወድቅ ግን ዓይን ሁሉ ወደ መድረኩ ማዕዘን ይዞራል፤ ፎጣና ባልዲ ይዞ የቆመው አሠልጣኝ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ምን ሲሠራ እንደ ነበረ ይጠየቃል። አንዳንድ ጊዜም ነገሩ ይገለበጥና ድሉ ለአሠልጣኙ ብልሃት፣ ሽንፈቱ ለቡጢኛው ስንፍና ይሰጣል። በሁለቱም በኩል ሚዛኑ የተዛባ ነው። የሥራ ፍሬ ከብዙ እጆች በሚወጣበት በማናቸውም ሙያ እንደሚደርሰው ሁሉ፣ በቡጢው ዓለምም ምስጋናና ወቀሳ የሚከፋፈሉት ብዙውን ጊዜ ሥራው ሳይመረመር ውጤቱ ብቻ እየታየ ነው።

ይህን ሚዛን ለማቃናት ለሚፈልግ ሰው፣ የዓለም የከባድ ክብደት ሻምፒዮን የነበረው የጆ ሉዊስ አሠልጣኝ የጃክ ብላክበርን ሕይወት ጥሩ መመርመሪያ ይሆናል። ያው አሠልጣኝ ያንኑ ቡጢኛ ይዞ ከአንድ ተጋጣሚ ጋር ሁለት ጊዜ ተገናኝቶ፣ በመጀመሪያው ጊዜ ከባድ ሽንፈት፣ በሁለተኛው ደግሞ በታሪክ የሚነገር ድል አግኝቷልና። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በእኛ አቆጣጠር ተብሎ ካልተገለጸ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብላክበርን በ1883 ዓ.ም. በአሜሪካ በኬንታኪ ክፍለ ሀገር ተወለደ። የመዝገብ ስሙ ቻርልስ ሄንሪ ነበር። ገና በወጣትነቱ ወደ ቡጢ ሙያ ገብቶ ፊላደልፊያን ዋና መኖሪያው አደረገ። ክብደቱ ከ60 ኪሎ ብዙም የማይዘል ቀጭን ሰው ሆኖ ሳለ በዘመኑ ታላላቅ ከሚባሉት ጋር ተጋጥሟል። የቀላል ክብደት ሻምፒዮን ከነበረው ከጆ ጋንስ ጋርም፣ በሥጋ ግዝፈት ከእርሱ ይበልጥ ከነበረው ከሳም ላንግፎርድ ጋርም ከአንድ ጊዜ በላይ ተፋልሟል። በዚያ ዘመን ጥቁር ቡጢኛ የሻምፒዮናነት ዕድል የሚያገኘው እጅግ አልፎ አልፎ ነበርና ብላክበርን ችሎታው የሚገባውን ማዕረግ ሳያገኝ ቀረ። ይሁን እንጂ ከራሱ የሚከብዱ ሰዎችን መግጠሙ አንድ ትምህርት ሰጥቶታል። ጉልበት ያነሰው ሰው የሚተርፈው ሚዛኑን ጠብቆ በመቆም፣ ርቀቱን በመለካትና ባዶ ቡጢ ባለመወርወር መሆኑን በገዛ አካሉ ተማረ። በኋላ ለሌሎች ያስተማረው ይህንኑ ነው።

የብላክበርን ሕይወት ንጹሕ ሕይወት አልነበረም፤ ይህን መሸፋፈን ታሪኩን ማጉደል ይሆናል። መጠጥ ይወድ ነበር፤ ቁጣውም አደገኛ ነበር። በፊቱ ላይ የነበረው ረጅም የስለት ጠባሳ የዚያ ኑሮ ምስክር ነው። በ1909 ዓ.ም. በፊላደልፊያ በተነሣ ጠብ ሽጉጥ ተኩሶ ሰው በመግደሉ ተፈርዶበት ከአራት ዓመት በላይ ታሠረ። ከእስራት ሲወጣ ወደ መድረክ ቢመለስም የጉልምስናው ምርጥ ዓመታት አልፈው ነበር። እስከ 1923 ዓ.ም. ከተጋጠመ በኋላ ጓንቱን ሰቅሎ ወደ አሠልጣኝነት ዞረ።

በቺካጎ ከተማ አሠልጣኝ ሆኖ ሲሠራ ስሙ በሙያው ሰዎች ዘንድ ቶሎ ታወቀ። በ1926 ዓ.ም. የቀላል ክብደት የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ሳሚ ማንዴልና በባንታም ክብደት ሻምፒዮን የሆነው ባድ ቴይለር በእርሱ እጅ ያለፉ ናቸው። ሁለቱም ነጮች ነበሩ። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። የመጀመሪያው ጥቁር የከባድ ክብደት ሻምፒዮን ጃክ ጆንሰን ማዕረጉን በ1915 ዓ.ም. ካጣ ወዲህ፣ ለዚያ ማዕረግ አንድም ጥቁር ቡጢኛ እንዲወዳደር አልተፈቀደለትም ነበር። አሠልጣኝ የሚኖረው ቡጢኛው ከሚያገኘው ገንዘብ በሚደርሰው ድርሻ ስለ ሆነ፣ በሩ የተዘጋበትን ሰው ማሠልጠን ለብላክበርን ዳቦ የማያስገኝ ሥራ ነበር።

ስለዚህ በ1934 ዓ.ም. ጆን ሮክስቦሮና ጁሊያን ብላክ የተባሉት ሁለት ጥቁር ሥራ አስኪያጆች የ20 ዓመቱን ጆ ሉዊስን ይዘውለት ሲመጡ ብላክበርን በደስታ አልተቀበላቸውም። በመጨረሻ የተስማማው የተቆረጠ ሳምንታዊ ክፍያ እንዲሰጠው አድርጎ ነው፤ በጊዜው 35 ዶላር እንደ ነበር ይነገራል። በአላባማ ተወልዶ በዲትሮይት ያደገው ይህ ወጣት በዚያው ዓመት የአማተሮች ብሔራዊ ሻምፒዮና ያሸነፈ፣ እጁ ፈጣንና ከባድ የነበረ ልጅ ነው። ይህ ተፈጥሮ የሰጠችው ሀብት ነበር፤ አሠልጣኙ አልፈጠረውም። የምስጋናው ክፍፍል ሲጀመር አስቀድሞ መመዝገብ ያለበትም ይኸው ነው። በሉዊስ እጅ የነበረውን ኃይል ብላክበርን ለማንም ሌላ ሰው ሊሰጥ አይችልም ነበር።

ነገር ግን ብላክበርን ያ ኃይል የሚባክን መሆኑን በመጀመሪያው ቀን አየ። ሉዊስ የሚመታው በክንዱ ብቻ ነበር፤ ሲመታም እግሮቹ ሚዛናቸውን ይስታሉ። አሠልጣኙ ከእግር ጀመረ። እርምጃው አጭር እንዲሆን፣ እግሩ መሬት ሳይረግጥ እንዳይመታ፣ ቡጢው ከትከሻና ከወገብ እንዲነሣ፣ አንድ መትቶ እንዳያቆምና የመጀመሪያው ቡጢ ለሁለተኛውና ለሦስተኛው መንገድ እንዲጠርግ ደጋግሞ አስጠናው። የመሬቱ ድጋፍ በሰውነት በኩል አልፎ እስከ ጓንቱ ጫፍ እንዲደርስ ማድረግ ነበር ሥራው፤ ይህም ማናቸውም መሐንዲስ የሚረዳው ጉዳይ ነው። ከዚህ ጋር ሌላ ምክር ጨመረበት። ነጭ ዳኞች በሚፈርዱበት መድረክ ጥቁር ቡጢኛ በነጥብ አሸንፋለሁ ብሎ መተማመን እንደሌለበት፣ ፍርዱን በገዛ ቡጢው መጨረስ እንዳለበት አስረዳው። ሉዊስ ሐምሌ 4 ቀን 1934 ዓ.ም. በቺካጎ ያደረገውን የመጀመሪያ የሙያ ግጥሚያ በመጀመሪያው ዙር በዝረራ አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ድል በድል ላይ ተደራረበ። አሠልጣኙና ቡጢኛውም አንዱ ሌላውን ቻፒ በሚል አንድ የቁልምጫ ስም እየተጠራሩ እንደ አባትና ልጅ ሆኑ።

ሰኔ 25 ቀን 1935 ዓ.ም.፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 18 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ ሉዊስ በኒውዮርክ ያንኪ ስታዲየም ከኢጣልያዊው ከፕሪሞ ካርኔራ ጋር ተገናኘ። ካርኔራ የቀድሞ የዓለም ሻምፒዮን ነበር፤ የሙሶሊኒ መንግሥትም የፋሽዝም ኃይል ምልክት አድርጎ ስሙን ሲነግድበት ቆይቷል። በዚያን ጊዜ ኢጣልያ ኢትዮጵያን ለመውረር ጦሯን ታከማች ስለ ነበር፣ ጥቁር አሜሪካውያን ግጥሚያውን የኢትዮጵያና የኢጣልያ ፍልሚያ አድርገው ቆጠሩት። የከተማው ባለሥልጣኖችም ሁከት እንዳይነሣ በመስጋት ብዙ ፖሊስ አሰለፉ። ካርኔራ ከሉዊስ በ29 ኪሎ ያህል ይከብዳል። ብላክበርን ሰውየውን በቁመቱ ሳይሆን በሆዱ በኩል እንዲጀምረው፣ እጆቹ ወደ ታች ሲወርዱ ወደ ራሱ እንዲሄድ መክሮት እንደ ነበር ይነገራል። ግዙፉ ሰው በስድስተኛው ዙር ደጋግሞ ወደቀና ዳኛው ግጥሚያውን አስቆመ። የሐርለም ጎዳናዎች በደስታ ተጥለቀለቁ። ከሦስት ወር ጥቂት በኋላ፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻግሮ ኢትዮጵያን ወረረ። የዚያ ሌሊት ድል የጦርነቱን አካሄድ አልለወጠም፤ ሆኖም ሩቅ አገር ያሉ ሰዎች ከኢትዮጵያ ጋር መቆማቸውን ያሳዩበት ሌሊት ነበር።

ይህ ሁሉ ድል ግን አንድ ጉድለት ሸፍኖ ነበር። ሉዊስ ቀጥተኛውን የግራ ቡጢ ከሰነዘረ በኋላ እጁን ወደ አገጩ መልሶ በመከለል ፈንታ ዝቅ አድርጎ ይመልሰው ነበር። ለዓይን ጥቅሻ ያህል ጊዜ የግራ መንጋጋው ክፍት ይሆናል። ተጋጣሚዎቹ ክፍተቱን ለመጠቀም ጊዜ ሳያገኙ ስለሚወድቁ ማንም አልቀጣውም። ጀርመናዊው ማክስ ሽሜሊንግ ግን በታኅሣሥ 1935 ዓ.ም. የሉዊስን ግጥሚያ በዓይኑ ተመልክቶ፣ ፊልሞቹንም አጥንቶ ይህን አገኘ። አዛውንቱ ጃክ ጆንሰንም ጉድለቱን አይቶ ለሽሜሊንግ ተወራረደ። ጆንሰንና ብላክበርን ከወጣትነታቸው ጀምሮ የቆየ ቂም ስለ ነበራቸው፣ የጆንሰን ቃል ለሉዊስ ሠፈር ከምክርነት ይልቅ ከስድብ ይቆጠር ነበር።

ሰኔ 19 ቀን 1936 ዓ.ም. የሆነው በሰፊው የታወቀ ነው። የሽሜሊንግ ቀኝ እጅ በሉዊስ ዝቅተኛ ግራ ላይ እየተሻገረ ደጋግሞ ደረሰ። ሉዊስ በአራተኛው ዙር ለመጀመሪያ ጊዜ በሙያው ወደቀ፤ በ12ኛው ዙር ተዘረረ። በጥቁር አሜሪካውያን መንደሮች ሐዘን ሆነ፤ አዲስ አበባ በፋሽስት ጦር እጅ ከወደቀች ገና ሰባት ሳምንት አልሞላም ነበር።

ወቀሳው ለማን ይገባ ነበር? ለሉዊስ የሚገባው ድርሻ ግልጽ ነው። በኒው ጀርሲ በሌክውድ ሠፈር ለልምምድ በተቀመጠበት ወራት አዲስ የለመደው የጎልፍ ጨዋታ ጊዜውን ወስዶበት ነበር። ብላክበርን ይቆጣ ነበር፤ ልጁ ግን ማሸነፍን እንደ ልማድ ቆጥሮ ስለ ነበር አልሰማም። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው የሚለው የአባቶች ብሂል በትክክል የተፈጸመው በዚያ ሌሊት ነው። ሥራ አስኪያጆቹም ገበያውንና ዝናውን እያሰቡ የልምምዱን ሠፈር የጎብኚዎች መናኸሪያ ሲያደርጉት ዝም ማለታቸው የወቀሳው ተካፋይ ያደርጋቸዋል።

የግራ እጁ አመላለስ ግን የጎልፍ ጥፋት አልነበረም። ሁለት ዓመት ሙሉ በብላክበርን ዓይን ሥር የኖረ የአሠራር ጉድለት ነው። አሠልጣኙ በመድረክ ላይ በጣም ጥቂት ጊዜ እንዳለው መታወስ ይኖርበታል። በ15 ዙር ግጥሚያ ቡጢኛው 45 ደቂቃ ሲፋለም፣ አሠልጣኙ በየዙሩ መካከል የሚያገኘው አንድ አንድ ደቂቃ ቢደመር 14 ደቂቃ ብቻ ነው። በዚያች ደቂቃ ደም ይጠረጋል፣ ውኃ ይሰጣል፣ አንድ ሁለት ቃል ይነገራል፤ ለዓመታት የተለመደ የእጅ አመላለስ ግን አይታረምም። ከአራተኛው እስከ 12ኛው ዙር ስምንት ዕረፍቶች ነበሩ፤ ስምንቱም አልበቁም። የአሠልጣኝ ሥራ የሚሠራው ከግጥሚያው በፊት ነውና ያልተሠራው ነገር የሚጠየቀውም ከዚያው ነው። በዚህ ክፍል ብላክበርን ከወቀሳ የሚያመልጥበት መንገድ የለውም። ያላየው ከሆነ ማየት ነበረበት፤ አይቶም ድሉ እያዘናጋው ካሳለፈው ጥፋቱ ይብሳል። ግንብ ቆሞ መታየቱ ብቻ ጥንካሬውን አያረጋግጥም፤ ጭነቱ ገና ያልመጣበት ሊሆን ይችላልና።

ከዚህ በኋላ የሆነው ደግሞ ምስጋናውን የሚያስገኝለት ነው። ብላክበርን ሉዊስን በሐዘን እንዲቆይ አልተወውም። ሽንፈቱ ሁለት ወር ሳይሞላው፣ ነሐሴ 18 ቀን 1936 ዓ.ም.፣ ከቀድሞው ሻምፒዮን ከጃክ ሻርኪ ጋር አጋጠሙትና በሦስተኛው ዙር በዝረራ አሸነፈ። በልምምዱ ሠፈር ግራ እጁ ወደ ፊቱ ከፍ ብሎ እንዲመለስ የማያቋርጥ ጥናት ተጀመረ። ሰኔ 22 ቀን 1937 ዓ.ም. በቺካጎ ከጄምስ ብራዶክ ጋር ሲጋጠም ሉዊስ በመጀመሪያው ዙር ቢወድቅም ተነሥቶ በስምንተኛው ዙር አሸነፈና፣ ከጆንሰን ወዲህ የመጀመሪያው ጥቁር የከባድ ክብደት ሻምፒዮን ሆነ። ብላክበርን ዳቦ የለበትም ብሎ የፈራው በር በራሱ ተማሪ እጅ ተከፈተ።

በዓመቱ፣ ሰኔ 22 ቀን 1938 ዓ.ም.፣ ሉዊስ ከሽሜሊንግ ጋር ለሁለተኛ ጊዜ ተገናኘ። ሂትለር በሥልጣን ላይ ነበር፤ ሽሜሊንግ ራሱ የናዚ ፓርቲ አባል ባይሆንም ዓለም ግጥሚያውን የሁለት ሥርዓቶች ፍልሚያ አድርጎ ይጠባበቅ ነበር። በዚህ ጊዜ ጎልፍ አልነበረም። የተነደፈው ዕቅድ የሽሜሊንግን ጥንካሬ መነሻውን የሚነሣ ነበር። ጀርመናዊው ቀኙን ለመሰንዘር ረጋ ብሎ ጊዜ መጠበቅ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ደወል ጀምሮ ጊዜ እንዳያገኝ ተወሰነ። ሉዊስ ገና በልብስ መቀየሪያው ክፍል ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ ሰውነቱን አሟሙቆ ወጣ። ሽሜሊንግ ሦስት ጊዜ ወደቀ። አሠልጣኙ ማክስ ማኮን ሰውየውን ለማዳን ፎጣ ወረወረ፤ በኒውዮርክ ደንብ ፎጣ ዋጋ ስላልነበረው ዳኛው መልሶ ጣለውና ወዲያው ራሱ ግጥሚያውን አስቆመ። ሁሉም ያለቀው በ124 ሰኮንድ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ዋናው ብልሃተኛ የተባለው የሽሜሊንግ ወገን በዚያች ሌሊት አንድም ነገር ለመምከር ዕድል አላገኘም።

ይህን ድል ሁሉ ለብላክበርን መስጠት ግን ሌላ ስሕተት ይሆናል። ሉዊስ በዚያን ጊዜ 24 ዓመቱ ነበር፤ ሽሜሊንግ ደግሞ 32። ወጣቱ በሽንፈት ተምሮ፣ በቁጭት ሠርቶ የመጣ ነበር። ለአሠልጣኙ በሐቅ የሚገባው፣ ጉድለቱን ከታየ በኋላ ሳይሸሽግ ማረሙና ከተማሪው ችሎታ ጋር የሚስማማ ዕቅድ መንደፉ ነው። የአንድ ባለሙያ ልክ በዋናነት የሚታወቀው ሥራው ከወደቀ በኋላ በሚያደርገው ነገር ነው።

በምክርና በውጤት መካከል ያለውን ልዩነት ይበልጥ ግልጽ ያደረገው ሌላ ሌሊት ሰኔ 18 ቀን 1941 ዓ.ም. ነው። በፖሎ ግራውንድስ ሉዊስን የገጠመው ቢሊ ኮን ከ10 ኪሎ በላይ የሚቀለው፣ ነገር ግን በእግሩ ፍጥነት የሚበልጠው ወጣት ነበር። ከ12 ዙር በኋላ ሁለት ፈራጆች ኮንን አስቀድመውት ነበር፤ ሦስተኛው እኩል ሰጥቷቸዋል። በዚያች የአንድ ደቂቃ ዕረፍት በሁለቱ ማዕዘኖች ሁለት ምክር ተሰጠ። ብላክበርን ማዕረጉ ከእጁ እየወጣ መሆኑን፣ ካልዘረረው በቀር እንደማያሸንፍ ለሉዊስ ነገረው። የኮን ሰው ጆኒ ሬይ ደግሞ ርቀቱን ጠብቆ በእግሩ እንዲሸሽ፣ ነጥቡ እንደሚበቃው ለመነው። ሁለቱም ምክሮች ትክክል ነበሩ። ሉዊስ ሰማ፤ ኮን አልሰማም። ኮን ሻምፒዮኑን እርሱ ራሱ ለመዘረር ተጠግቶ መፋለም ጀመረና፣ 13ኛው ዙር ሊያልቅ ሁለት ሰኮንድ ሲቀረው ተዘረረ። ውጤቱን ብቻ የሚያይ ሰው ብላክበርንን አመስግኖ ሬይን ሊወቅስ ነው። ሥራውን የሚመረምር ግን በዚያች ደቂቃ የሁለቱ አሠልጣኞች ዋጋ እኩል እንደ ነበረ ይመሰክራል።

በዚያን ጊዜ የብላክበርን ጤና ተጓድሎ ነበር። ጥር 9 ቀን 1942 ዓ.ም. ሉዊስ ከባዲ ቤር ጋር ሲጋጠም አሠልጣኙ በሕመም ምክንያት የመድረኩን ደረጃ ደጋግሞ ለመውጣት እንደማይችል ነገረው ይባላል። ሉዊስም አንድ ጊዜ ብቻ እንዲወጣለት፣ ከዚያ በኋላ ሌላ መውጣት እንደማያስፈልገው ቃል ገባለት። ቤር በመጀመሪያው ዙር ተሸነፈ፤ ቃሉም ተፈጸመ። በመጋቢት ወር ሉዊስ ኤብ ሳይመንን ገጥሞ በስድስተኛው ዙር ሲያሸንፍ ብላክበርን በሆስፒታል ተኝቶ ነበር፤ የሉዊስ ማዕረግም ለ21ኛ ጊዜ ተጠበቀ። ሚያዝያ 24 ቀን 1942 ዓ.ም. ብላክበርን በቺካጎ 59 ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ያህል ሲቀረው በልብ ሕመም ሞተ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ በጦር ሠራዊት የተቀጠረው ሉዊስ ሞቱን እንደ አባት ሞት አዘነው።

ከብላክበርን በኋላ ማኒ ሲመን አሠልጣኝነቱን ተረከበ። ሉዊስ ከጦርነቱ መልስ ማዕረጉን አራት ጊዜ ጠበቀ። በ1946 ዓ.ም. ኮንን ዳግመኛ አሸነፈ። በ1947 ዓ.ም. ጀርሲ ጆ ዎልኮት ሁለት ጊዜ ጣለው፤ ዳኞቹ ለሉዊስ የሰጡት ውሳኔም ብዙ አከራካሪ ሆነ። በ1948 ዓ.ም. በ11ኛው ዙር ዎልኮትን ዘርሮ ክርክሩን ዘጋ። በ1949 ዓ.ም. ሲሰናበት ማዕረጉን 25 ጊዜ ጠብቆ ነበር። የ1947ቱን ውድቀት ብላክበርን ባለመኖሩ ብቻ መተርጐም አይቻልም፤ 33 ዓመት የሞላውና ምርጥ ዓመቶቹን በውትድርና ያሳለፈ ሰው እግሩ መዘግየቱ አይቀርም። የ1946ቱንና የ1948ቱን ድል ደግሞ ለሲመን ብቻ መስጠት አይገባም፤ ሉዊስ ወደ እርሱ የመጣው ሚዛኑን ጠብቆ መቆምንና አጭር ቡጢን ከሌላ ሰው ተምሮ ጨርሶ ነው። አሠልጣኝ ከሞተ በኋላም በተማሪው እግር መቆሙን ይቀጥላል።

እንግዲህ ለአሠልጣኝ ከሚሰጠው ምስጋናና ወቀሳ ውስጥ የእርሱ የሆነው በእጁ የነበረው ብቻ ነው። የተማሪው ተፈጥሮ፣ የተጋጣሚው ዕድሜ፣ የፈራጆቹ ዓይንና የተማሪው እሺታ በእጁ አልነበሩም። የተማሪው አቋም፣ የእጁ አመላለስ፣ የዕቅዱ ትክክለኛነት፣ ክፉውን ወሬ በጊዜው መናገር፣ ከውድቀት በኋላ መመርመርና ማረም ግን በእጁ ነበሩ። በዚህ ሚዛን ሲመዘን ብላክበርን በ1936 ዓ.ም. ተወቃሽ፣ በ1938 ዓ.ም. ተመስጋኝ ነው፤ በ1941 ዓ.ም. ደግሞ ኮን ምክር ሰምቶ ቢያሸንፍ ኖሮ እንኳ ከምስጋናው የሚቀነስበት ነገር አልነበረም። በየሥራው ቦታ ተማሪና ረዳት የሚያሠለጥኑ፣ የሌላ ሰው እጅ በሚሠራው ሥራ ስማቸው የሚጠራ ባለሙያዎች ሁሉ ይህን ሚዛን ለራሳቸውም ለባልደረቦቻቸውም ቢጠቀሙበት፣ ምስጋናውም ወቀሳውም ወደ ባለቤቱ ይደርሳል።